አንዲት የቀረች ወረቀት

ጥቅምት 4 ቀን

ለአባ ጥንቁቅ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከዚህ መረብ ከምንጠግንበት ከመረብ ቤቱ ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ በደህናህ ያግኝህ። እኔ ከጆሮዬ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጆሮዬን እንደምታውቀው የመረብ ፋብሪካው ማሽን ሃያ ዓመት ሙሉ በልቶታል። ስለዚህ ስትደውል "እ? እ?" ከምልህ መጻፍ ይሻለኛል። በስልክ ጊዜ አንተም ትጮኻለህ፣ እኔም እጮኻለሁ፣ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ወንድምህ ነው። የአክስቱ ልጅ እንጂ ወንድሙ አይደለም የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ። እናትህ ከሞተች ጀምሮ በአንድ ሳህን አብልቼ፣ በአንድ አልጋ ራስና እግር አስተኝቼ ያሳደግኳችሁ ናችሁ። ድምቡሼ ጀልባ ገዛ። ብቻውን አይደለም፣ ከመካኒኩ ጋር ለሁለት ሆነው ነው። ጀልባዋ በዕድሜ ከእኔ ብታንስ ትንሽ ነው የምታንሰው። ቀለም ቀብተው ቀብተው አዲስ አስመስለዋታል፤ ሞተሯ ግን ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ያስላል። በእኔ ስም ሊጠራት ፈልጎ ነበር። "ጀልባዋ በሰመጠች ቁጥር ስሜ እንዲነሳ ነው?" ብዬ ከለከልኩት።

ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነው። ባለፈው ወር ከዚህ ሰፈር የወጡ አራት ሰዎች ሳይመለሱ ቀሩ። ከአራቱ የአንዱ ሚስት ከእኔ ጎን ተቀምጣ መረብ የምትጠግነው ናት። መርፌውን ይዛ ትውላለች እንጂ አትሰፋም።

አንተ የምትሠራበት ቤት በሳተላይት የሚመጣ የድረሱልኝ ጥሪ ይቀበላል ብለህ ነግረኸኝ ነበር። ያን የሚጮኽ ዕቃ ለድምቡሼ ላክለት። ሌላ ምንም አልጠይቅህም፤ ልብስም አልፈልግ፣ መድኃኒትም አልፈልግ። እሱ "ወንድሜን አታስቸግሪው" ስላለኝ መጻፌን አያውቅም። አንተም አላውቅም በል።

አክስትህ


ኅዳር 2 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ በሃያ አንድ ቀኑ ደርሶኛል። ጤናዎን በመስማቴ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ጆሮዎ ግን ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ስጽፍልዎ ይህ ስንተኛዬ እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። እኔ በጤናም በሥራም ደህና ነኝ።

የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። አራት ስክሪን፣ ስድስት ወንበር፣ አንድ የሻይ ማፍያና በግድግዳው ላይ የእናንተን ባሕር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳይ ትልቅ ካርታ አለ። የጠየቁኝ ዕቃ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ ጊዜ ከተከፈተ በየሃምሳ ሰከንዱ ግማሽ ሰከንድ ለማይሞላ ጊዜ ወደ ሰማይ ምልክት ይልካል። ድምፁ ለሰው ጆሮ አይሰማም፤ በዚህ ጉዳይ እንግዲህ እኔና እርስዎ እኩል ነን። ሳተላይቷ ወደ ዕቃው ስትቀርብና ስትርቅ የምልክቱ ቅላጼ በትንሹ ይለወጣል። ቦታው የሚሰላው ከዚያች ለውጥ ነው። አንዲት ሳተላይት ብቻ ስታልፍ ሁለት ቦታ ትሰጠናለች፣ አንዱ እውነት አንዱ ሐሰት። ሌላዋ ስታልፍ ሐሰቱ ይወድቃል። ከምልክቱ ጋር የዕቃው ቁጥር አብሮ ስለሚመጣ የማን ጀልባ እንደሆነም እናውቃለን። ከዚያ ለቅርቡ ወደብ ደውለን "ሂዱ" እንላለን፤ ይኸው ነው ሥራችን።

አብዛኛው ጥሪ የሐሰት ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ከቆሻሻ መጣያ ሲጣራ ከረመ። አንድ ጡረተኛ ደግሞ ሚስቱ ቁም ሳጥን ስታጸዳ ነክታበት የነፍስ አድን ሠራተኞች በሩን ሲያንኳኩ ገላውን እየታጠበ ነበር።

ለድምቡሼ አንድ አግኝቼለታለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጥቅል ይደርሳችኋል። አዲስ አይደለም። በጣቢያችን ለመለማመጃ ስንጠቀምበት ቆይቶ ከመደርደሪያ የወረደ ነው። ባትሪውን በእጄ ቀይሬያለሁ፣ ፈትሼዋለሁ፣ ቁጥሩንም በድምቡሼ ጀልባና በወደባችሁ ቢሮ ስልክ አስመዝግቤያለሁ። አንዲት ወረቀት ብቻ ቀርታለች፤ እሷም በሚቀጥለው ሳምንት ታልቃለች።

አጠቃቀሙን ለድምቡሼ ያንብቡለት። ለጨዋታ እንዳይነካው፤ ዝም ካለ ሁሉም ደህና ነው ማለት ነው። አደጋ ሲደርስ ክዳኑን ሰብሮ ቁልፉን ይጫን፣ ገመዱን ከእጁ አንጓ ይሰር፣ አንቴናውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ይያዝ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች ዕቃው እየተናገረ ነው ማለት ነው።

ሁልጊዜ የሚያከብርዎ ልጅዎ


ታኅሣሥ 1 ቀን

አባ ጥንቁቅዬ፣

የያዝከው ይባረክልህ፣ የረገጥከው ይለምልምልህ፣ ክፉ አይይህ። ጯሂው ገባ። ስሙን ያወጣለት ድምቡሼ ነው። ሳጥኑን ስንከፍት አንድ ብርቱካንማ ነገር ከጨርቅ መሀል ወጣ፤ ከውሃ ኮዳ ብዙም አይበልጥም። "ይሄ ነው ሰማይ የሚደርሰው?" አልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ጎበኘው። መካኒኩ ጆሮውን ለጥፎ ካዳመጠው በኋላ "ይሄ እኮ ዝም ነው የሚለው" አለ። "ዝም ሲል ነው ሰላም" አልኩት፣ ካንተ ደብዳቤ ተምሬ።

ድምቡሼ "አንዴ ልጫነውና ወንድሜን ሰላም ልበለው" ብሎ እጁን ሲሰድ በመረብ መርፌዬ ወጋሁት። ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ አሁንም ካልተወጋ አይሰማም። ስሙም ውሸት ሆኗል፤ ድምቡሼ ተብሎ የሚጠራው ሰው ዛሬ ቀበቶው ሦስት አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል። እንደጻፍከው አለማመድኩት። ወንበር ላይ አቁሜ፣ ገመዱን አንጓው ላይ አስሬ፣ እጁን ወደ ጣራው ሽቅብ አስይዤ መቶ ቆጠርኩ። ስልሳ ላይ "ደከመኝ" አለ። "ባሕር ላይ ደከመኝ የለም" ብዬ ከአንድ አስጀመርኩት። መካኒኩ በሳቅ ሊሞት ነበር።

ከዚያ ድምቡሼ ሲረጋጋ ምን አለኝ መሰለህ? "እማ፣ ሌላው ሰው ሲጣራ ማን እንደሚሰማው አያውቅም። እኔ ግን በወዲያኛው ጫፍ ማን እንደተቀመጠ አውቃለሁ።" ይህን ካለኝ ጀምሮ ደህና እንቅልፍ እየተኛሁ ነው።

በየካቲት መጀመሪያ ራቅ ወዳለው ውሃ ይወጣሉ። አባ ጭስም አብሯቸው ነው። ያ ሲጋራ ከአፉ የማይለየው አሮጌ መርከበኛ ትዝ ይልሃል? ሳምባውን ጨርሶ ሊሞት ነው ስንል አሁንም መልሕቅ ይጎትታል።

አክስትህ፣ መራቂህ


ጥር 10 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሁለት ባልደረቦቼ በመታመማቸው የእነሱንም ተራ እየሸፈንኩ ነው። ጯሂው በደህና ስለደረሰ ደስ ብሎኛል። ድምቡሼን እቀፉልኝ፤ መቶ እስኪቆጠር ችሎ ከሆነም አመስግኑልኝ።

ያቺ ወረቀት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፈቃድ ላይ በመሆኑ ትንሽ ዘግይታለች። ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም።

ልጅዎ


የካቲት 18 ቀን

ልጄ፣

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ። እኔ አለሁ። በየካቲት 9 ወጡ። በአራት ቀን እንመለሳለን ብለው ነበር፣ ዛሬ ዘጠኝ ቀናቸው።

እየፈራሁ አይደለም የምጽፍልህ፤ ወይም ፈርቻለሁ፣ ግን ብዙ አይደለም። በ12 ንፋስ ሲነሳ ወደብ ቢሮ ሮጬ ሄድኩ። ጸሐፊው ጥሩ ልጅ ነው፣ እንደማልሰማ ስለሚያውቅ በወረቀት ይጽፍልኛል። "እትዬ፣ ምንም ጥሪ የለም፤ ጣቢያውንም ጠይቀን የለም ብለውናል" ብሎ ጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤው መጣሁ። በማግስቱ ጠዋት የመረብ ቤቱ ጣራ ላይ ወጥቼ መረብ ሳሰጣ እየዘፈንኩ ነበር ብልህ ታምናለህ? ድምፄ ምን እንደሚመስል ለእኔ አይሰማኝ፤ ታች ያሉት ሴቶች ግን ጆሯቸውን ይዘው ሳቁብኝ።

ሞተሩ ተበላሽቶ የሆነ ደሴት ጥግ ቆመው ይሆናል እላለሁ። መካኒኩ እየፈታ፣ ድምቡሼ እየተሳደበ፣ አባ ጭስ እያጨሰ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱን ያጠቁራል። እኔ ግን "ልጄ ጯሂ አለው፣ ጯሂው ደግሞ ዝም ብሏል" እላቸዋለሁ። ዝም ካለ ሰላም ነው፣ አይደል? አንተው ነህ ያስተማርከኝ። አዎ በለኝ። በዚህ ጊዜ ቶሎ ጻፍ።

አክስትህ


መጋቢት 20 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከርመዋል። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጉዳዩን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልቀመስ ብሎኛል። መዝገቦቻችንን በጥንቃቄ አይቻለሁ። ከየካቲት 9 ወዲህ ስለ ድምቡሼ ጀልባ ከእኛ ቢሮ የወጣ ጥሪ የለም። የወደቡ ቢሮ የነገረዎ ትክክል ነው።

ባሕር ብዙ ነገር ያደርጋልና ተስፋ አይቁረጡ። ብርዱ እንዳይጎዳዎ ወፍራም ካፖርት በጥቅል ልኬልዎታለሁ። እባክዎን ይልበሱት።

ልጅዎ


ሚያዝያ 28 ቀን

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለ እኔ ጤና ምንም አልጽፍልህም።

አባ ጭስ መጣ። የዛሬ አራት ቀን አንድ የጭነት መርከብ አምጥቶ ወደቡ ላይ አወረደው፤ በሁለት ክራንች ነው፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ባሕር ላይ አግኝተውት ሩቅ ወደብ ወስደው ሐኪም ቤት አስተኝተውት ነበር። ከማን ጋር እንደወጣ ሊነግራቸው ሲሞክር ቋንቋውን የሚሰማ ጠፋ። እኔ ቤት መጥቶ የድምቡሼ አልጋ ላይ ተቀመጠ። ሲጋራ ሰጠሁት፣ አልለኮሰውም። ያለኝን እዚህ እገለብጥልሃለሁ። በጆሮዬ እየጮኸ ነው የነገረኝ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

"በ11 ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሞተሯ ቆመ፣ ማዕበሉ በጎኗ መታትና ተገለበጠች። መካኒኩ ከሞተር ክፍሉ አልወጣም። እኔና ልጅሽ የበረዶ ሳጥኑ ክዳን ላይ ተንጠለጠልን። ልጅሽ ጯሂውን ቶሎ ከፈተ። መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች። አንጓው ላይ አስሮ ሽቅብ ያዛት። አንዱ እጁ ሲዝል በሌላው ይቀይራል። እኔ ተስፋ ስቆርጥ 'አባ ጭስ፣ ወንድሜ ሰምቶናል። አባ ጥንቁቅ እኮ ነው፤ ሦስቴ ሳያጣራ መርከብ አይልክም፣ እሱን ነው የምንጠብቀው' ይለኛል። በማግስቱ ደግሞ 'ሻይ ሊቀዳ ተነስቶ ይሆናል' ብሎ አሳቀኝ። እኔ ውሃ ውስጥ ሆኜ ሳቅኩልሽ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መብራቷ ጠፋች። አያት፣ አያትና 'ጨረሰች' አለ። እጁን ላውርድ ቢል አልታጠፍ አለው። ብዙም አልቆየ። ቀትር ሳይሆን እጁ ወደ ላይ እንደቆመ ሄደ።"

ከዚህ በኋላ አባ ጭስ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ተነስቼ ደብዳቤዎችህን አወጣሁ። ሁሉንም አስቀምጫቸዋለሁ፤ መረብ ስጠግን እንደማደርገው ከጫፍ ጀምሬ እያንዳንዱን ዓይን በጣቴ አየሁት።

አንተ መብራቷ ብልጭ ካለች ዕቃው እየተናገረ ነው ብለኸኛል። መብራቷ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ብልጭ ብላለች። እንግዲህ ተናግራለች።

"ከእኛ ቢሮ የወጣ ጥሪ የለም" ብለኸኛል። የገባስ?

"አንዲት ወረቀት ቀርታለች" ብለኸኛል። ደግሞም "ትንሽ ዘግይታለች" ብለኸኛል። ያቺ ወረቀት ምንድን ናት? አለቀች?

ካፖርቱን አልለበስኩትም። ያልጠየቅኩህን ነገር ለምን ላክህልኝ? ለስድስት ዓመት ያልጠየቅኩህን ልከህልኝ አታውቅም።

እኔ ደካማ ሴት አይደለሁም። እውነቱን ጻፍልኝ።

አክስትህ


ሰኔ 3 ቀን

አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ከኪሴ ሳላወጣ አሥራ አራት ቀን ይዤው ዞሬያለሁ። ዛሬ እጽፋለሁ፤ አልቆም።

ገብቷል። ጥሪው ገብቷል።

ያች ወረቀት ይህች ናት። በጣቢያችን የመለማመጃ ዝርዝር አለ። ለመለማመጃ የምንከፍታቸው ዕቃዎች የእውነት ጥሪ እንዳይመስሉ ቁጥራቸው እዚያ ይጻፋል። ዝርዝሩ ላይ ያለ ቁጥር ሲጣራ ስክሪኑ አያሳየውም፣ ደወሉም አይደወልም። ለብቻው ወደ አንድ መዝገብ ይገባል፤ ያ መዝገብ በወር መጨረሻ ታትሞ ይነበባል። የዝርዝሩ ጠባቂ እኔ ነኝ። ወር ሲያልቅ የማነበውም እኔ ነኝ።

ዕቃ ከመደርደሪያ ሲወርድ በሕጉ መሰባበር አለበት። ያን አንዱን ሳልሰብር በምሳ ቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። አዲስ ልገዛለት እችል ነበር። ግን ይህኛውን በእጄ ስንት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አይከዳም ብዬ ነው። ደግሞም አልከዳም። ቁጥሩን ከዝርዝሩ ለመሰረዝ "ተሰብሯል" ብዬ መፈረምና ስብርባሪውን ማሳየት፣ አለበለዚያም ወዴት እንደሄደ መናገር ነበረብኝ። ስለዚህ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ፈቃድ ሲወጣ፣ ተተኪው ሳያየኝ አደርገዋለሁ አልኩ። ሲወጣ ደግሞ ተተኪው ጠንቃቃ ሰው ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ። ከዚያም በሚቀጥለው። በየጠዋቱ ትዝ ይለኝ ነበር፤ ረሳሁ ብዬ እንኳ መዋሸት አልችልም።

የካቲት 12 እኔ ተረኛ ነበርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ። የወደባችሁ ቢሮ ሲደውል "ምንም የለም" ያልኩት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ባዶ ስለነበር ለባልደረባዬ "ዛሬ ባሕሩ ደግ ነው" አልኩት። ሻይም ቀድቻለሁ። ድምቡሼ ልክ ነበር፣ ሻይ ልቀዳ ተነስቻለሁ። መዝገቡ የሚታተምበት ማሽን ከሻይ ማፍያው አጠገብ ነው።

የካቲት 30 መዝገቡን ሳትም ቁጥሩን አየሁት። በቃሌ የማውቀው ቁጥር ነው። አርባ አንድ ሰዓት። በየሃምሳ ሰከንዱ ሲቆጠር ወደ ሦስት ሺህ ጊዜ ተጣርቷል። የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ስከፍተው ሁሉንም አውቅ ነበር። "የወጣ ጥሪ የለም" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ሐሰት እንዳትሆን ተጠንቅቄ ነው የጻፍኳት።

ይህን ከእርስዎና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ይቅርታዎን ለመለመን አይገባኝም፤ ግን እለምናለሁ። በአንድ ሳህን አብልተውኛል። አክስቴ፣ ምን ላድርግ?


ሰኔ 25 ቀን

ሁለት ነገር አድርግ።

ለአለቃህ ሄደህ ለእኔ የጻፍክልኝን ሁሉ ንገረው፤ ምንም አታስቀር። ዝርዝሩ ላይ የሌላ እናት ልጅ ካለ ዛሬውኑ ይውጣ።

ሳተላይቷ ቦታውን ታውቃለች ብለኸኝ ነበር። ሐሰቱን ትተህ እውነተኛውን ቦታ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ገልብጠህ ላክልኝ። መቃብር የለኝም። ወዴት ዞሬ እንደማለቅስ አላውቅም።


ሐምሌ 17 ቀን

አክስቴ፣

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሰዓት ወደ አለቃዬ ክፍል ገብቼ ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ "አንተ? ከሁላችን አንተ?" አለ። ከዚያ መታወቂያዬን ተቀበለኝ። ዝርዝሩን አብረን አየነው፤ የቀሩት ቁጥሮች ሁሉ ጣቢያው ውስጥ ያሉ የመለማመጃ ዕቃዎች ናቸው። ምርመራው ተጀምሯል፣ ወደ ፍርድ ቤትም ይሄዳል። አልከራከርም።

የጠየቁኝ ቦታዎች በሌላው ወረቀት ላይ ናቸው። ከመዝገቡ ላይ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ፈቀዱልኝ። ዘጠኝ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌአለሁ። የመጀመሪያው በ11 ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። የመጨረሻው በ13 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። እንዳልሳሳት ሦስት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ። በካርታ ላይ አላስቀመጥኳቸውም። አልቻልኩም።

ከእንግዲህ በምን ስም እንደምፈርምልዎ አላውቅም።


ነሐሴ 11 ቀን

ወረቀትህ ደረሰ።

የወደቡ ካፒቴን ጋ ወሰድኩት። አዛውንት ሰው ነው፣ ድምቡሼን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ጠረጴዛውን አጽድቶ የባሕር ካርታውን ዘረጋ፣ መነጽሩን አደረገ፣ እኔ ቁጥሩን እያነበብኩለት እሱ በእርሳስ ነጥብ ነጥብ አደረገ። አባ ጭስ በክራንቹ ተደግፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ነጥቦቹ ወደ ሩቁ ውሃ ይሄዳሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልሄዱም። ንፋሱ ወደ እኛ ነበር የሚነፍሰው። እያንዳንዷ ነጥብ ከፊተኛዋ ይልቅ ወደ ቤት ትቀርባለች።

ዘጠነኛዋን ሲያስቀምጥ ካፒቴኑ እርሳሱን ጣለውና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ስንት ነው?" አልኩት። ወረቀት አቀረብኩለት። "ሰባት ኪሎ ሜትር፣ ከመረብ ቤቱ" ብሎ ጻፈ። ቆይቶ ደግሞ ከሥሩ "ማንኛዋም ጀልባ በግማሽ ሰዓት ትደርሳለች" ብሎ ጨመረበት። ንፋሱ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው አለኝ፤ አባ ጭስን ወደ ሩቅ የወሰደው እሱ ነው።

ካፖርቱን መልሼልሃለሁ፤ እስር ቤት ከገባህ ብርድ ይኖራል። ይቅርታህን አንብቤዋለሁ። ልሰጥህ ውስጤን ፈለግኩ፣ አጣሁት። ምናልባት አንድ ቀን አገኘው ይሆናል፤ ካገኘሁት እኔው እጽፍልሃለሁ። እስከዚያ አትጻፍልኝ። አልረግምህም፤ ያሳደግኩህ ልጅ ነህ። ምርቃቱ ግን ከአፌ አልወጣ ብሏል። ሁለት ልጆች በአንድ አልጋ አሳደግኩ፤ ሌሊት አንዱ ሲቃዥ ሌላው ቀድሞ ይሰማው ነበር። ያን ጊዜ እኔም ጆሮ ነበረኝ።

በየካቲት 13 ጠዋት ጣራ ላይ መረብ ሳሰጣ ነበር ብዬ ጽፌልህ ነበር። ሰዓቱን አልጻፍኩልህም፤ ምን ዋጋ አለው ብዬ ነው። ሦስት ሰዓት ነበር። መረብ የማሰጣው ፊቴን ወደ ባሕሩ አድርጌ ነው። ፀሐይዋ ወጥታ ነበር፣ ውሃውም ጠርቶ እስከ ሩቅ ይታይ ነበር። ወዲያ ወዲህ እያየሁ፣ ጯሂው ዝም ብሏል ስላሉኝ ደስ ብሎኝ፣ እየዘፈንኩ ነበር።